የጋለ ጎማ ይተንፈስ ወይስ አይተንፈስ?

የመኪና ቋንቋችንን ያበደረን ጣሊያን ነው። ጎማ፣ ጎሚስታ፣ ካላማዳሪያ፣ ቸርኬ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ክሪክ፣ ስኮርታ... መዝገበ ቃላቱን ጥሎልን ሄደ። ጎማው ውስጥ የሚገባውን ነገር ግን ራሳችን ሰየምነው፦ ንፋስ። «ንፋሱን እይልኝ» እንላለን። ጎሚስታው ኮምፕሬሰሩን ይሰካል፣ ጎማውን በጫማው ጫፍ መታ መታ ያደርጋል፣ «በቃው» ይላል። ሒሳብ ከፍለን እንሄዳለን። ስንት ሞላህ? ብሎ የሚጠይቅ የለም። ቢጠይቅም ሊሰማ የሚችለው መልስ «ጥሩ ነው» የሚል ነው።

አንባቢ ሆይ፣ የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚያች ስለማትጠየቀው «ስንት?» ነው።

በቅድሚያ «እኛ» ማለት እነማን እንደሆንን እንናገር፤ አለበለዚያ የፓርቲ መግለጫ ይመስላል። እኛ ሦስት ነን። አንደኛው ጀርመን ኮሎኝ የሚኖር የአክስታችን ልጅ፣ ባለመኪናው ነው። ሁለተኛው ታናሽ ወንድም፣ ፎርሙላ ዋንን እንደ ሃይማኖት የያዘ ነው። ሦስተኛዋ ይቺን የምትጽፍላችሁ የጋዜጠኝነት ምሩቅ ናት፤ ሥራዋም መለኪያ መያዝና ደብተር ላይ መጻፍ ነበር። (አራት ዓመት ተምረን ያገኘነው ሥራ ይኸው ነው፤ ሌሎቹን የክፍል ጓደኞቻችንን ጠይቁና ፍረዱ።)

የሄድነው ቤልጅግ፣ ስፓ ፍራንኮርሻም ወደሚባለው የውድድር ሜዳ ነው። ከኮሎኝ ከመቶ ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው። አርዴን በሚባለው ጫካ ውስጥ ዳገትና ቁልቁለት እየበላ የሚጠመዘዝ 7.004 ኪሎ ሜትር አስፋልት ነው። ፎርሙላ ዋን የሚሮጥበት ይሄው መንገድ፣ ውድድር በሌለበት ቀን ገንዘብ ለከፈለ ሁሉ ይከፈታል። «ትራክ ዴይ» ይሉታል። ውድድር አይደለም፤ ሰዓት አይያዝም፣ ዋንጫ የለም፣ ለመቅደም እንኳ ሥርዓት አለው። ጠዋት ገለጻ ይደረግላችኋል፣ የባንዲራዎቹ ትርጉም ይነገራችኋል፣ የራስ ቁር ታጠልቃላችሁ፣ ከዚያ ሰው በየቀኑ ሥራ የሚሄድባትን መኪና ይዞ ይገባል።

እዚህ ላይ ነው የኛ ነገር የሚጀምረው። የአክስታችን ልጅ ሌላ መኪና የለውም። ማታ ማታ ከከተማው ውጭ ባለ መጋዘን ነው የሚሠራው፤ እዚያ ሰዓት አውቶቡስ የለም። እሁድ ስፓ ላይ አንድ ነገር ቢሆን ሰኞ ማታ ሥራ የሚወስደው ነገር አይኖርም። ኢንሹራንሱስ? ውሉን ቁጭ ብለን አነበብነው። በውድድር ሜዳ ላይ ለሚደርስ ጉዳት እንደማይከፍል በማያሻማ ቋንቋ ተጽፏል። ስለዚህ በዚያች መኪናና በአጥሩ መካከል የነበረው ነገር አራት ጎማ ብቻ ነበር። እያንዳንዱ ጎማ መሬቱን የሚነካው ደግሞ የመዳፍ ስፋት በምታህል ቦታ ነው። ያቺን መዳፍ ሰፊ ወይም ጠባብ፣ ልስልስ ወይም ድርቅ የሚያደርጋት ንፋሱ ነው።

ባርና ዲግሪ

የጎማ ንፋስ አውሮፓ ውስጥ የሚለካው በባር ነው። (ሰፈራችን ያለው ባር አይደለም።) አንድ ባር 14.5 ፒ.ኤስ.አይ. ገደማ ነው። የኛ መኪና የሾፌሩ በር ሲከፈት ጎን ላይ የተለጠፈች ወረቀት አለች፤ 2.3 ባር ትላለች። ሁሉም መኪና ላይ እንዲህ ዓይነት ወረቀት አለ፤ ወይ በሩ ላይ ወይ የነዳጅ መሙያው ክዳን ውስጥ። ወረቀቷ የምትናገረው ስለ ቀዝቃዛ ጎማ ነው። ቀዝቃዛ ማለት መኪናው ሰዓታት ቆሞ ሲያድር ያለው ነው።

ለምን ቀዝቃዛ? አሥረኛ ክፍል የተማርነው ፊዚክስ ነው፦ የታሸገ ጋዝ ሲሞቅ ግፊቱ ይጨምራል። መንገድ ላይ ጎማ ሲንከባለል ይታጠፋል፣ ይዘረጋል፣ ይሞቃል። ሒሳቡ በግርድፉ ለእያንዳንዱ 10 ዲግሪ 0.1 ባር ነው። 20 ዲግሪ ላይ 2.0 ባር የነበረ ጎማ 70 ዲግሪ ሲደርስ 2.5 ይሆናል። የመኪናው አምራች ይህንን ያውቃል። በሩ ላይ 2.3 ብሎ ሲጽፍ፣ መንገድ ላይ ወደ 2.5 ወይም 2.6 እንደሚወጣ አስቦበት ነው።

ውድድር ሜዳ ላይ ግን ሙቀቱ ከዚያ ያልፋል። በየጥምዝምዙ ፍሬን፣ በየጥምዝምዙ ጎን ለጎን ግፊያ ነው። በ2.3 ባር ብትገቡ ጥቂት ዙር ሳትዞሩ ጎማው እንደ ኳስ ይነፋና መሬቱን በመሀል ጀርባው ብቻ ይነካል። መኪናው ይንሸራተታል፤ የጎማው መሀል ያልቃል። ስለዚህ ትራክ ዴይ የሚሄዱ ሰዎች ከወረቀቷ ቁጥር ዝቅ አድርገው ይጀምራሉ፤ ሲሞቅ የሚፈልጉት ቁጥር ላይ እንዲያርፍ። ከሜዳው ሲወጡ ወዲያው ይለካሉ፤ ከልክ ያለፈውን ያስተነፍሳሉ።

የጋለውን ጎማ ያስተነፍሳሉ። ይቺን ዓረፍተ ነገር አስምሩባት፤ ቤታችን ውስጥ ጦርነት ያስነሳችው እሷ ናት።

አባባ ስልክ ላይ

አባታችን የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ። እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ የአሰብን መንገድ፣ ጦርነቱ ከመጣ በኋላ ደግሞ የጅቡቲን መንገድ ከነተሳቢያቸው ተመላልሰውበታል። በልጅነታችን ከሳቸው የተማርነው አንድ ነገር ቢኖር የጎማ ሕግ ነው። በየቆሙበት ወርደው እያንዳንዱን ጎማ በብረት ይመታሉ፤ በድምፁ ያውቁታል። ጥሩው ይነጥራል፤ የተነፈሰው ይደነቁራል። ከሕጎቹ ሁሉ በላይ ደግሞ ይቺ ነበረች፦ «የጋለ ጎማ አይተነፍስም!»

ከመሄዳችን በፊት ቅዳሜ ማታ ደወልንላቸው። የአክስታችን ልጅ ዝም ቢል ይሻለው ነበር፤ ግን ተናገረ።

«ጋሼ፣ ጎማው ሲግል ትንሽ እያስተነፈስን ነው የምንነዳው» አላቸው።

መስመሩ የተቋረጠ መስሎን ነበር።

«ማነው እንዲህ ያላችሁ?»

«እዚህ ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው፣ ጋሼ።»

«ሎጊያ ላይም እንዲህ የሚያደርጉ ነበሩ። ሲነዱ ውለው ሲቆሙ ጎማው ድንጋይ ሆኖ ያገኙታል፤ ይፈነዳል ብለው ይፈሩና ያስተነፍሱታል። ማታ ሲቀዘቅዝ ጎማው ባዶ ነው። በነጋታው በዚያው ይነሳሉ። መጨረሻቸውን ግን እኔ ነኝ ያየሁት። ልጆቼ፣ እናንተ የት አያችሁ?»

ምን ይመለሳል? ታናሽ ወንድማችን የፎርሙላ ዋን ስም መጥራት ሲጀምር ስልኩን ቀማነው።

እዚህ ላይ ጋዜጠኛ ቆም ማለት አለበት። ሁለት ምንጮች አሉን፤ ሁለቱም የሚያወሩትን ያውቃሉ፤ የሚሉት ግን ተቃራኒ ነው። አንዱን «የድሮ ሰው» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ትውልዳችን ይህንን ይወዳል፤ አባቶች የሚያውቁት በልምድ ነው፣ እኛ የምናውቀው በኢንተርኔት ነው፣ ስለዚህ እኛ እንበልጣለን። ግን ሎጊያ ላይ የሚሆነውን በፊዚክሱ አስሉት፤ አባባ ልክ ናቸው። ንፋስ ያነሰው ጎማ ሲንከባለል ይበልጥ ይታጠፋል። ይበልጥ ሲታጠፍ ይበልጥ ይግላል። የገለው ጎን በመጨረሻ ይቀደዳል። «እንዳይፈነዳ» ብሎ ያስተነፈሰው ሰው የፈነዳበት በማስተንፈሱ ነው።

እንዲያውም የአባባ መንገድ ሌላ ድንቅ ነገር አለው። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ነው። መለኪያ ደግሞ የሚነግረን በጎማው ውስጥና በውጪው አየር መካከል ያለውን ልዩነት ነው። አዲስ አበባ ላይ ጠዋት በ15 ዲግሪ 2.2 ባር የተሞላ ጎማ ባሕር ጠለል ሲወርድ፣ ውጪው ስለሚከብድ ብቻ ንባቡ ወደ 1.95 ይወርዳል። ግን ጅቡቲ 40 ዲግሪ ጥላ ውስጥ ቆሞ ያደረ ጎማ በሙቀቱ ምክንያት ያንኑ 0.25 ያህል መልሶ ያገኛል። ቁልቁለቱ የወሰደውን ሙቀቱ ይመልሳል፤ መለኪያው እንደገና 2.2 ይላል። አባባ ይህንን ሒሳብ በወረቀት አልሠሩትም። «አዲስ አበባ በልክ ሞልተህ ተነሣ፣ እታች ድረስ አትንካው» ነው የሚሉት። መልሱ ያው ነው።

ታዲያ ትራክ ላይ ያሉት ሰዎች ተሳስተዋል? አልተሳሰቱም። የአባባ ጎማ ስምንት፣ አሥር ሰዓት ይሠራል፤ ከዚያ ይቀዘቅዛል፤ በነጋታው ያለ ማንም እርዳታ መነሣት አለበት። የትራኩ ጎማ የሚሠራው 15 ወይም 20 ደቂቃ ነው፤ በየመሀሉ መለኪያ የያዘ ሰው ይጠብቀዋል። አንዱ በቀዝቃዛው ይዳኛል፣ ሌላው በጋለው። ሁለቱ ሕጎች የሚጋጩት አንድ ሰዓት ላይ ብቻ ነው፦ ከሜዳው ወጥታችሁ ወደ ቤት ስትነሡ። የኛም ቀን የሚፈረደው እዚያች ሰዓት ላይ እንደሆነ ያኔ ገባን።

ቁጥሮቹ

እሁድ ጠዋት ስፓ 12 ዲግሪ ነበር። ስንደርስ ጎማዎቹ ከአውራ ጎዳናው ሞቀው ስለነበር ወዲያው አልነካናቸውም። ገለጻው እስኪያልቅ ድረስ አቆምናቸው። ከቀዘቀዙ በኋላ አራቱንም 2.1 ላይ አደረግን። ሲግሉ የምንፈልገው 2.4 ነበር።

በጎማው ጠርዝ ላይ፣ ከመሬት ነኪው ክፍል ወደ ጎኑ የሚወርድ መስመር በጠመኔ አሰመርን። ጥበቡ ቀላል ነው። ጥምዝምዝ ላይ ጎማው ሲተኛ ጠመኔው ይጠፋል። ብዙ ጎማዎች ጠርዛቸው ላይ ትንሽ ሦስት ማዕዘን ምልክት አለ። ጠመኔው እስከዚያች ምልክት ድረስ ከጠፋ ደህና ነው። ምልክቷን አልፎ ወደ ጎኑ ከጠፋ ጎማው በጎኑ እየሄደ ነው፤ ንፋስ አንሶታል። ምልክቷ ጋ ሳይደርስ ከቀረ በዝቷል። የአስተማሪ ጠመኔ፣ ዋጋው ሳንቲም ነው፤ አይዋሽም።

ባለመኪናው ገባ። ከ15 ደቂቃ በኋላ የመጨረሻዋን ዙር ፍሬን ሳያበዛ ቀስ ብሎ ዞሮ ወጣ። የእጅ ፍሬን አልያዘም፤ የጋለ ፍሬን ተይዞ ሲቆም ይጣበቃል። እኛ ሮጠን ለካን። ደብተሩ እንዲህ ይላል፦ ፊት ግራ 2.6፣ ፊት ቀኝ 2.5፣ ኋላ ግራ 2.4፣ ኋላ ቀኝ 2.4።

እዩዋት ይቺን ዝርዝር፤ መኪናውም መንገዱም ተጽፈውባታል። ፊት ከኋላ የበለጠው መኪናው የሚጎተተው በፊት ጎማ ስለሆነ ነው፤ መሪውም፣ የሞተሩ ጉልበትም፣ አብዛኛው ፍሬንም እዚያ ነው። ግራ ከቀኝ የበለጠው ስፓ የሚዞረው በሰዓት አቅጣጫ ስለሆነ ነው፤ ወደ ቀኝ ሲታጠፉ ክብደቱ የሚያርፈው በግራ ነው። አራት ጎማ በአንድ ቁጥር ጀምረው በሦስት ቁጥር ተመለሱ።

ሁለቱን የፊት ጎማዎች ወደ 2.4 አስተነፈስን፤ ኋላዎቹን አልነካንም። ሁለተኛው ዙርያ ላይ ሜዳውም ሞቆ ነበርና ፊት ግራ እንደገና 2.5 ሆኖ መጣ። 0.1 አወጣን። ጠመኔው ልክ ምልክቷ ጋ ቆሟል።

ታናሽ ወንድማችን አልረካም። «ወደ 2.0 እናውርደው። ጎማ በለሰለሰ ቁጥር የበለጠ ይይዛል» አለ።

እውነት አለው፤ እስከ አንድ ቦታ ድረስ። ከዚያ በኋላ ጎማው ይዋኛል፤ መሪውን ስታዞሩ ቸርኬው ይዞራል፣ ጎማው ግን ዘግይቶ ነው የሚከተለው። ጠርዙ ይበላል፣ ውስጡ ይግላል። ክርክሩን ጠመኔው ዘጋው፦ ምልክቷ ጋ ደርሷል፣ ከዚህ በታች ሌላ ቦታ የለም። ባለመኪናውም ጨመረ፣ «ሰኞ ማታ ሥራ አለኝ።» ከዚህ በላይ ማስረጃ የሚጠይቅ ዳኛ የለም።

ስፓ ደግሞ ለዚህ ክርክር ባዕድ ቦታ አይደለም። ነሐሴ 2015 (እ.ኤ.አ.) በዚሁ ሜዳ የቤልጅግ ግራንድ ፕሪ ላይ ሴባስቲያን ፌተል ሦስተኛ ሆኖ ሊጨርስ ሁለት ዙር ሲቀረው የፌራሪው ኋላ ቀኝ ጎማ ኬመል የሚባለው ቀጥታ መንገድ ላይ ፈነዳ። ቀጣዩ ውድድር ጣሊያን ሞንዛ ላይ ነበር፤ የጎማ አቅራቢው ፒሬሊ ዝቅተኛውን የተፈቀደ ንፋስ ከፍ አደረገው። ከመነሻው በፊት ሲለካ የሉዊስ ሃሚልተን ግራ ኋላ ጎማ ከዝቅተኛው በ0.3 ፒ.ኤስ.አይ. አንሶ ተገኘ፤ የቡድን ጓደኛው የኒኮ ሮዝበርግ ደግሞ በ1.1። 0.3 ማለት የአንድ ባር ሃምሳኛ ገደማ ነው። ሃሚልተን ውድድሩን በሰፊ ልዩነት አሸነፈ፤ ከዚያ ለሰዓታት ይሰረዝበታል አይሰረዝበትም ሲባል ቆየ። በመጨረሻ ዳኞቹ ቅጣት የለም አሉ። ምክንያቱስ? ልኬቱ ሲወሰድ የጎማ ማሞቂያው ከኤሌክትሪክ ተነቅሎ ጎማዎቹ ቀዝቀዝ ብለው ነበር።

የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት «ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት» ያለ ዜና አትጻፉ ይለን ነበር። ሙቀቱ ያልተጻፈበት የጎማ ንፋስም እንዲሁ ግማሽ ዜና ነው። «2.4 ነው» ብሎ ነገር የለም። መቼ? ስንት ዲግሪ ላይ? በየትኛው መለኪያ? (መለኪያዎችም ይለያያሉና! አንድ ማደያ ያለው መለኪያ 2.5 ያለውን የኛው 2.3 ብሎታል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ከአንድ መለኪያ ጋር መቆየት ነው፤ ቢያንስ ልዩነቱን በትክክል ይነግራችኋል።)

የመመለሻው ሰዓት

አመሻሽ ላይ ሰው ሁሉ ዕቃውን እየጫነ፣ እየተሳሳቀ፣ እየተሰናበተ ወጣ። እኛ አልተነሣንም። ጎማዎቹ እስኪቀዘቅዙ ድረስ ከነሱ ጋር ተቀመጥን፤ ሻይ ጠጣን፣ ብስኩት በላን። ወንድማችን በየአምስት ደቂቃው «አሁንስ?» ይላል። በመጨረሻ 15 ዲግሪ ላይ ለካናቸው።

ፊት ግራ 1.9።

በሩ ላይ ያለችው ወረቀት 2.3 ትላለች። ቀን ሙሉ በሜዳው ላይ ልክ የነበረው ጎማ፣ ምንም ሳይቀደድ፣ ምንም ሳይበላሽ፣ ለመንገዱ 0.4 ጎድሎታል። የቤልጅግ አውራ ጎዳና 120 ይፈቅዳል፤ ድንበሩን ስትሻገሩ የጀርመኑ ከዚያም በላይ ያስነዳል። ሦስት ሰው፣ ሻንጣ፣ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ። ሎጊያ ላይ የሚያስተነፍሱት ሾፌሮች በነጋታው የሚነሡት በዚህ ዓይነት ጎማ ነበር።

ትንሿን ኮምፕሬሰር ከመኪናው የሲጋራ መለኮሻ ላይ ሰካናት። እንደ ንብ እየጮኸች አራቱንም አንድ በአንድ 2.3 አደረሰቻቸው። ከዚያ አባባን ደወልንላቸው።

«ሞላችሁት?»

«ሞላነው፣ አባባ።»

«ቀዝቅዞ?»

«ቀዝቅዞ።»

«እንግዲያውስ ቀን ያደረጋችሁት አይመለከተኝም» አሉና ስልኩን ለእማማ ሰጧት።

አባባ ተሸነፉ? አልተሸነፉም። ወንድማችንስ? እሱም አልተሸነፈም። ሁለቱም ሕግ በየቦታው ቆመ። የአክስታችን ልጅ ሰኞ ማታ በዚያችው መኪና ሥራ ገባ፤ የቀኑ ትልቁ ውጤት ይሄ ነው፤ ሌላው ፎቶ ነው።

ውድ አንባቢ፣ ስፓ ላትሄዱ ትችላላችሁ። የአዲስ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ግን አለላችሁ፤ እሱም በፍጥነት ያስኬዳል፣ እሱም ከብርድ ወደ ሙቀት ይወርዳል። መንገድ ላይ ወርዳችሁ ጎማው ሲግል ብታገኙት አታስተንፍሱት፤ መሞቁ የሚጠበቅ ነው። አንዱ ብቻ ከሌሎቹ ተለይቶ ከጋለ ግን ወይ ንፋስ እየጎደለው ነው፣ ወይ ፍሬን ይዞታል፤ ቁሙና እዩት። ናይትሮጅን እንሙላላችሁ ለሚሏችሁም፣ የምንተነፍሰው አየር ራሱ 78 በመቶው ናይትሮጅን መሆኑን በትሕትና ንገሯቸው።

ከሁሉ በፊት ደግሞ መለኪያ ግዙ፤ ከአንድ ምሳ ግብዣ ብዙም አይበልጥም። ነገ ጠዋት መኪናዋ ሳትነሣ በሩን ክፈቱና ወረቀቷን አንብቧት። ከዚያ ጎሚስታው ዘንድ ስትሄዱና «በቃው» ሲላችሁ፣ በፈገግታ «ስንት?» በሉት።